ምጽዋትና ዕድር

ችግር የደረሰበት ሰው ከባልንጀራው እጅ ርዳታ የሚያገኝበት መንገድ በአገራችን ሁለት ነው፤ አንደኛው ምጽዋት፣ ሁለተኛው ዕድር። ሁለቱም ለተቸገረ ሰው የሚደርሱ ስለ ሆኑ አንድ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። ምጽዋት ሰጪው በወደደው ቀን፣ በወደደው መጠን፣ ለወደደው ሰው የሚሰጠው ነው፤ ተቀባዩም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከመሄድ በቀር «ይህ አነሰኝ» ወይም «ትናንት ለምን አልመጣም?» ብሎ ለመጠየቅ ሥልጣን የለውም። ዕድር ግን እንዲህ አይደለም። አባሉ በደኅናው ቀን በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ኀዘን በደረሰበት ቀን ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይመጣለታል፣ በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይቈጠርለታል። ይህን ሲቀበል ማንንም አይለምንም፤ የሚቀበለው የገዛ መብቱን ነውና።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስል የሰፈራችንን የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ተውሼ አነበብሁ። ሁለት ነገር አስደነቀኝ። አንደኛው፣ ባለ ፎቁም ሆነ በጉልት ሽንኩርት የምትሸጠው እናት የሚከፍሉትም የሚቀበሉትም እኩል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዕድሩ አለቃ እስከ ዛሬ ድረስ «ዳኛ» መባሉ ነው። ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ለፋፊ አለ፤ የበላዩ ግን ዳኛ ነው። አባቶቻችን የለቅሶ ቀን ርዳታን የርኅራኄ ነገር ብቻ ሳይሆን የፍርድም ነገር አድርገው ስላዩት ይመስለኛል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ላይ ስለ ወረደው ወረርሽኝና ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፍትሕም ብዙ ተነግሯል። እኔ በበኩሌ ነገሩን በዚህ በዕድርና በምጽዋት ሚዛን ላይ አስቀምጬ ለመመርመር እወዳለሁ።

የዚያ ዓመት መከራ አንድ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦትና በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለት ታላላቅ አውሎ ነፋሶች ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥተው በዐረብ ምድር በረሃ ላይ ዝናም አፈሰሱ። አሸዋው ረጠበ፣ ሣር አበቀለ፤ አንበጣውም ማንም በማያየው ቦታ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራብቶ በየመንና በሶማሊያ በኩል ወደ እኛ መጣ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ የአንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ አልታየም ነበር። አንበጣው ገና በማሳው ላይ ሳለ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያም ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ ቈላዎቻችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብ የነበረው ዝናም ለአምስት ወራተ ዝናም በተከታታይ ሳይበቃ ቀረ።

እንግዲህ ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር ሲመጣ «መቅሠፍት ነው፣ ምን ይደረጋል?» ማለት ልማዳቸው ነው። መቅሠፍቱ በሰው እጅ የማይመለስበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን በመቅሠፍቱ ማን ይሞታል፣ ማንስ ይተርፋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህን የሚወስነው የሰው ሥርዐት ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረኀብ ባሳተሙት መጽሐፍ የገዛ አገራችንን የወሎን ረኀብ ምሳሌ አድርገው ይህን አስረድተዋል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ከቀድሞው ዓመት እጅግ ያነሰ አልነበረም። በደሴ ገበያም ዋጋው ከልክ በላይ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው አዝመራው ጠፋበት፣ ከብቱን በርካሽ ሸጠ፣ በመጨረሻም በገበያ የተከመረውን እህል የሚገዛበት ነገር አጣ። እህል ነበረ፤ ያልነበረው የራበው ሰው በእህሉ ላይ ያለው መብት ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የኮቪድን ክትባት ነገር ስከታተል ያው የደሴ ገበያ በዓለም መጠን ተሠርቶ አገኘሁት።

ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጋቪና ሴፒ ከሚባሉት ማኅበሮች ጋራ ሆኖ ኮቫክስ የተባለውን ድርጅት በ2012 ዓ.ም. አቋቋመ። አሳቡ እውነተኛ የዕድር አሳብ ነበር። ሀብታሙም ድኻውም አገር በአንድነት ይገዛል፤ ክትባቱ በተገኘ ጊዜ ለእያንዳንዱ አገር መጀመሪያ ከሕዝቡ 20 ከመቶ ለሚሆነው፣ ይኸውም ለሐኪሞች፣ ለሽማግሌዎችና ለበሽተኞች በመጠን ይታደላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ይቀጥላል። ዳኛው ማነው፣ ደንቡስ ምንድን ነው ቢባል መልስ ነበረው።

ግን ምን ሆነ? ሀብታሞቹ አገሮች በዕድሩ መዝገብ ላይ ስማቸውን አስጻፉ፤ ዞር ብለው ደግሞ ከፋብሪካዎቹ ጋራ ለብቻቸው ተዋዋሉ። አንዳንዶቹ ለሕዝባቸው ከሚበቃው ብዙ እጥፍ አስቀድመው ገዙ። ፋብሪካው የሚሠራው በቀን የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የተዋዋለው ሲወስድ ኮቫክስ ከሰልፉ ጫፍ ቀረ። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ክትባት ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሰጠ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቫክስ ዕቃ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲደርስ ብዛቱ 2,184,000 ነበር፤ ይህም ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ነው። በመጋቢት ወር ደግሞ ለኮቫክስ ዋናው አቅራቢ የነበረችው ሕንድ የራሷ ሕዝብ በበሽታው ስለ ተወረረ ወደ ውጭ የሚላከውን አቋረጠች። እርስዋን ለመውቀስ አልደፍርም፤ ቤቱ እየተቃጠለ ለጎረቤት ውኃ የሚያቀብል ማን አለ? ነገር ግን የብዙ አገር ሕይወት በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። ኮቫክስ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 2 ቢሊዮን ክትባት ለማደል ዐቅዶ ሳለ አንድ ቢሊዮን የሞላው ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። በዚያ ወር አንዳንድ ሀብታም አገሮች ለዜጎቻቸው ሦስተኛ ክትባት መስጠት ሲጀምሩ በአፍሪካ ክትባቱን የጨረሰው ከመቶ ሰው ሁለት አይሞላም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሦስተኛው ክትባት ለጊዜው እንዲቈይ ለመኑ። ለመኑ ማለቴ ነው፤ አዘዙ አላልሁም፤ የዓለም ዕድር ዳኛ ማዘዝ አይችልም ነበርና።

በኋላ ክትባቱ መጣ። አመጣጡ ግን የምጽዋት አመጣጥ ነበር። የተረፈው፣ መቼ እንደሚደርስ ያልተነገረለት፣ አንዳንዱም ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሳምንት የቀረው ነበር። ክትባትን በገጠር ለማዳረስ መኪና፣ ማቀዝቀዣ፣ መርፌ፣ የሠለጠነ ሰውና ቀደም ያለ ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ሳይታሰብ ለሚመጣ ዕቃ ይህን ሁሉ ማሰናዳት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ናይጄሪያ ጊዜው ያለፈበትን ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ክትባት በአቡጃ አስወገደች። ምጽዋት የሰጪውን ሳጥን ባዶ በማድረግ ይፈጸማል፤ የተቀባዩን ቤት መሙላቱን ግን የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋራ ስንከራከርም ሰምቸዋለሁ። «ክትባቱን የፈጠሩት በዕውቀታቸው ነው፤ መንግሥትም አስቀድሞ ለገዛ ሕዝቡ ማሰብ ግዴታው ነው» ይላሉ። ሁለተኛው ቃል እውነት አለው። አባት ልጁን አስቀድሞ ቢያጐርስ አይወቀስም፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ጉርሻ ሲያጐርስ የጎረቤት ልጅ አንድም ካልቀመሰ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ስለ ዕውቀቱም ቢሆን ከክትባቶቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ከሕዝብ ግብር በወጣ ገንዘብ ርዳታ ጭምር ነው። ሕንድና ደቡብ አፍሪካ በ2013 ዓ.ም. መስከረም «ወረርሽኙ እስኪያልፍ የፈጠራ መብቱ ይቈይና ሌሎችም ይሥሩ» ብለው ለዓለም ንግድ ድርጅት አመለከቱ፤ መልስ የተገኘው በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ነው፤ እርሱም ተቈርጦ ተቀንሶ ነበር። በመካከሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሊቃውንት ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ ዓይነት ቫይረስ አግኝተው ለዓለም ወዲያው ቢያስታውቁ፣ ዋጋቸው የአውሮፕላን መንገድ መዘጋት ሆነ። መርዶ ነጋሪን ከሰፈር ማባረር ማለት ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ታዲያ ክትባትን በዕድር ሥርዐት ማደል በሰው ልጅ ታሪክ ተደርጎ ያውቃልን?» ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴ «አዎን፤ ለከብት» የሚል ነው።

በአገራችን ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ኀዘን የሆነ የከብት በሽታ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋራ መጥቶ በመላው አገር ተስፋፋ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ በዚያው ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ይታወሳል። ወረርሽኝና የሰማይ መጨከን አብረው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ለማወቅ እኛ ከሩቅ አገር መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገንም።

ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሳሉ የሠሩት ክትባት ርካሽና አስተማማኝ ነበር፤ ጉድለቱ ያለ ማቀዝቀዣ መበላሸቱ ነው። በኋላም ሙቀት የሚችል ዓይነት ተሠራ፤ አሠራሩም ለአፍሪካ ላቦራቶሪዎች ተላለፈ። የክትባቱን ደኅንነት የሚመረምር የመላው አፍሪካ ማእከል በገዛ አገራችን በደብረ ዘይት ተቋቋመ። ከዚያ ቀጥሎ የተደረገው እጅግ ያስደስተኛል። የመንግሥት ሐኪም ሊደርስበት ባልቻለው በአፋር በረሃ ክትባቱን የሰጡት አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ከመካከሉ ሰዎች መረጠ፤ እነርሱም ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ይዘው መንጋውን እየተከተሉ ከተቡ። በሽታው ከአፋር ጠፋ፣ ከኢትዮጵያም ጠፋ፤ ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በሮም ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የተነቀለ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ ሀብታሞቹ አገሮች ገንዘብ ያወጡት በርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ በሽታው በአንዱ በረት እስካለ ድረስ የነርሱም በረት እንደማይድን ስላወቁ ነው። ይህ አያሳፍርም። የዕድር አባልም መዋጮውን የሚከፍለው ለጎረቤቱ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ነው። የሚያሳፍረው በ2003 ዓ.ም. ለላም ያወቅነውን በ2013 ዓ.ም. ለሰው መርሳታችን ነው።

አሁን ወደ ድርቁ ልመለስ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የቈየ ሥርዐት አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሣው ይሄዳል፤ ጎሣውም መክሮ ከያንዳንዱ በረት ከብት አውጥቶ ያቋቁመዋል። ይህም የከብት ዕድር ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ምድር በደረሰው ድርቅ በኢትዮጵያ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ከብቶች፣ ፍየሎች፣ በጎችና ግመሎች አለቁ። በዚህ ጊዜ ቡሳ ጎኖፋ ምን ያድርግ? ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ቀን ባዶ ሆኑ። ማንኛውም ዕድር የሚቆመው አባሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይሞትባቸው ነው፤ ድንኳኑ አንድ ነውና። መከራው ሰፈሩን ሁሉ ከመታ ዕድሩ ከሰፈሩ መስፋት አለበት፤ አገሩን ሁሉ ከመታ ከአገር መስፋት አለበት።

እንዲህ ከሆነ የዓለም ዕድር መዋጮ በማን ላይ ይውደቅ? በመጀመሪያ የመከራውን ምክንያት መመልከት ይገባል። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ከመሬትና ከቅጠል የሚተነው ውኃ ይበዛል፤ ያው ጥቂት ዝናም ቢዘንብ እንኳ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል። የአየር ጠባይ ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ባወጡት ጥናት የምድር መሞቅ በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመድረስ ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው ገልጠዋል። ከነዳጅ ከሚወጣው ጋዝ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ወደ 14 ቶን ሲደርሰው አንድ ኢትዮጵያዊ ከቶን አንድ አምስተኛ እንኳ አይደርሰውም። ከዚህም ውስጥ የቦረና እረኛ ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው።

ሀብታሞቹ አገሮች በ2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ተሰብስበው በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ድረስ ለማዋጣት ቃል ገቡ። የሞላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ከመንግሥታት ከወጣውም አብዛኛው ብድር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ንፍሮውን ቀምሶ፣ «አይዞህ፤ ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብ አበድርሃለሁ» የሚል ጎረቤት በእኛ ሰፈር ቢገኝ ሰው ምን ይለው ነበር? በ2008 ዓ.ም. በፓሪስ ስምምነት ጊዜም በአየር ጠባይ መለወጥ ስለሚደርሰው ጥፋት የሚናገረው አንቀጽ ለካሣና ለተጠያቂነት መነሻ እንደማይሆን በጉባኤው ውሳኔ ላይ ተጻፈ። ይህን ዐረፍተ ነገር ያስጻፉት ሰዎች በምጽዋትና በዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት ከእኔ ይልቅ አሳምረው የሚያውቁ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር በሻርም ኤል ሼክ የጥፋት ማካካሻ ሣጥን እንዲኖር ተፈቀደ፤ በዓመቱ በዱባይ ሲከፈት በጉባኤው ላይ ቃል የተገባው ገንዘብ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ እርሱም በየአገሩ በጎ ፈቃድ።

ስለ ሌሎች ብቻ ተናግሬ ስለ ራሳችን ዝም ብል ፍርዴ ጐደሎ ይሆናል። ዕድር መልአክ አይደለም። ወርኀዊ መዋጮ የማይችል የቀን ሠራተኛ፣ ቤት ኪራይ እየሸሸ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰው፣ በመንገድ ዳር የሚያድር ሕፃን ከዕድሩ መዝገብ ውጭ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋም ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን፣ ለአንደኛ ደረጃ በራዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ቴሌቪዥንም ራዲዮም የሌለበት ቤት ያለ ልጅ ግን ያ ዓመት እንዲሁ አለፈበት። የዓለም ሀብታሞች በእኛ ላይ ያደረጉትን እኛም በየሰፈራችን እናደርገዋለን፤ መጠኑ ቢያንስም ዓይነቱ አንድ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተስፋ ሰጥተውኛል። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነት አጸደቀ። በዚህ ስምምነት ሐሳብ መሠረት ተካፋይ የሚሆኑ ፋብሪካዎች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚሠሩት ክትባትና መድኃኒት 20 ከመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ታስቧል፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በነጻ ነው። ዝርዝሩ በሌላ ሰነድ እንዲወሰን ስለ ተተወ ገና ብዙ ክርክር ነበረበት፤ ቢሆንም «ከተረፈን እንሰጣለን» ከማለት «ከመቶው ሃያው» ወደ ማለት መምጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ከተማሪዎች የመጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. በፓሲፊክ ደሴቶች 27 የሕግ ተማሪዎች «አገራችንን ባሕር ሲውጣት ተጠያቂው ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለማቅረብ ተነሡ። ቫኑዋቱ የምትባለው ትንሽ ደሴት መንግሥት አሳባቸውን ተቀበለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ጥያቄውን ወደ ፍርድ ቤቱ መራው። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት መንግሥታት የአየር ጠባይን የመጠበቅ የሕግ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውን የጣሰም ካሣ እስከ መክፈል ሊደርስ እንደሚችል አስታወቀ። አስተያየቱ እንደ ፍርድ አያስገድድም። ነገር ግን በፓሪስ በዋናው በር የተከለከለው «ካሣ» የሚለው ቃል በተማሪዎች እጅ በጓሮ በር ገባ።

በ2020 ዓ.ም. የአየር ጠባይ ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንሆናለን። እንግዶቹ ሲመጡ ዘፈንና ቡና እንደምናቀርብላቸው አልጠራጠርም። ከዚያ ጋራ ግን ማንኛውም የሰፈር ዕድር በደንቡ መጀመሪያ ገጽ የሚመልሳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ብናቀርብላቸው እወዳለሁ፤ መዋጮው ስንት ነው? የሚከፍለው ማን ነው? ሳይከፍል የቀረስ መቀጮው ምንድን ነው?